ገና ያልወጣበት ቤት

በየነ አናጢ ነበር። ኮልፌ ገበያ ጀርባ ባለች ጠባብ የእንጨት ሥራ ቤት አልጋና ቁም ሣጥን ሲሠራ ይውላል፤ ማታ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለችው ቤቱ ይገባል። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ከፊት ሳሎን፣ ከኋላ መኝታ ቤት፣ መሐሉን የሚከፍለው እሱ ራሱ የመታው ኮምፔንሳቶ። ለሰው ሲሆን ጥንቅቅ ያለ ሥራ ይሠራል፤ ለራሱ ግን «በኋላ አጠናክረዋለሁ» እንዳለ ዓመታት አልፈዋል። በአንዱ ክፍል የተነገረ በሌላው ይሰማል።

ሚስቱ ፅጌ ልብስ ሰፊ ናት። ሲጋቡ ሁለቱም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ነበሩ። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ልጅቱ ክርስትና ሳትነሳ፣ ስምም ሳይወጣላት ሞተችባቸው። ያን ሰሞን ፅጌ እህል አልቀምስ ብላ ስትተኛበት፣ በየነ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ከእንግዲህ እንዳያነሷት ለመናት። ማንሳቱ ይገድላታል ብሎ ፈርቶ ነው። እሷም እሺ አለች፤ ከዚያ ወዲህ የልጅቱ ነገር በመሐላቸው ተነስቶ አያውቅም። ሌላ ልጅም አልመጣም። ቆይቶ አልማዜ የምትባል ነርስ ጓደኛዋ ወደ ጸሎት ቤት ይዛት ሄደችና ፅጌ ጴንጤ ሆነች።

በየነ አልተጣላትም፤ ደስም አላለውም። የእኔን አትንኪ፣ የአንቺን አልነካም ተባብለው ኖሩ። እሑድ እሱ ወደ ቀራንዮ መድኃኔዓለም፣ እሷ ወደ ጸሎት ቤቷ ይሄዳሉ፤ ምሳ ላይ ይገናኛሉ።

በ1974 ጸሎት ቤቱ ታሸገ። አማኞቹ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በየቤቱ መገናኘት ጀመሩ፤ ግን ጊዜው ክፉ ነበር። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ያስጠይቃል። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ሲሄዱ የተያዙ ሰዎች ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ፅጌ ባሏን አንድ ነገር ለመነችው። ገና እየመጣ ነው፤ በዓል ቀን ሰው ሰው ቤት ቢሄድ ማንም ምን አይልም፤ ጓደኞቿ ለዚያች ቀን ብቻ እነሱ ቤት ቢመጡስ? በየነ ለአንድ ቀን ከሆነ ምን ገዶኝ ብሎ ፈቀደላት።

ዛፉን ያመጡት ጋሽ ቀጄላ ናቸው። ጋሽ ቀጄላ አየር ጤና አንድ ጋራዥ ውስጥ ዘበኛ የሆኑ፣ ረጅም፣ ንግግር የማያበዙ ሽማግሌ ነበሩ። በቤታቸው አጥር ላይ የፈረንጅ ጥድ ተክለዋል። ከተቀራረቡት አንዱን ቆርጠው፣ ቅርንጫፉን በማዳበሪያ ከረጢት ሸብ አድርገው፣ ከፌርማታው ጀምሮ በትከሻቸው ተሸክመው የበዓሉ ዋዜማ ላይ ደረሱ። ቤቱ በዓል በዓል እንዲሸት ብዬ ነው አሉ።

በየነ እንጨት ሲያይ እጁ አያርፍም። የግንዱን ግርጌ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ሙጫው ወጥቶ ደርቆበታል። እንዲህ እንዳለ ውኃ ውስጥ ቢያቆሙት አይጠጣም፣ አፉ ተዘግቷል አላቸው። መጋዙን አምጥቶ ከግርጌው የጣት ውፍረት ያህል ቆረጠለትና ወዲያው ባልዲ ውስጥ አቆመው፤ ዙሪያውን ድንጋይ ጠቅጥቆ፣ እንዳይጋደል በመስቀለኛ እንጨት አሰረው። ከዚያ ለፅጌ አያያዙን ነገራት። ውኃው ከተቆረጠው ቦታ በታች ከወረደ መልሶ ይዘጋል፤ ስለዚህ ባልዲው አይጉደል። የከሰል ምድጃ አጠገቡ አይድረስ። የመስኮቱ ፀሐይ እንዳያገኘው በጥግ በኩል ይሁን። ማታ ማታ ቅጠሉ ላይ ውኃ እፍ ይባልበት። ሻማ የሚባል ነገር ደግሞ አጠገቡ ዝር አይበል።

ጋሽ ቀጄላ፣ የቤቱን ነገር ስለማያውቁ፣ «እንደ ሕፃን ነዋ አያያዙ» አሉ።

በየነ ወደ ባልዲው ጎንበስ አለ። ከዚያ ፅጌ ተነስታ ከስፌት የተረፉ ቀይና ቢጫ ቁርጥራጮች አመጣችና በክር ታንጠለጥልበት ጀመር። በየነ ከሲጋራ ፓኮ ብርማውን ወረቀት እያወጣ አቀበላት። ጥጥም በተኑበት። ያን ዕለት ቤቱ ጥድ ጥድ ሸተተ። በየነ ደስ ብሎት እንደነበር በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሷል።

በገና ቀን የመጡት ሰዎች አሥር አይሞሉም። በሉ፣ ጠጡ፣ መስኮቱን ዘግተው ራዲዮኑን ከፍ አድርገው በቀስታ ዘመሩ። በየነ አብሯቸው በላና ጎረቤት እንኳን አደረሳችሁ ሊል ወጣ። ሲመለስ ሁሉም ሄደው ነበር።

በተከታዩ እሑድ ግን እንደገና መጡ። ፅጌ አላማከረችውም፤ በዓሉ ገና አላለፈም ብላ አሰበች። ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። የመጣው ወንድይፍራው ነው፤ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ፣ ጠመንጃ አንጋች፣ የሠርግ አልጋውን በየነ የሠራለት የሰፈር ልጅ። በበሩ ክፍተት አጮልቆ ሰዎቹን አየ።

«ጋሽ በየነ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ምንድነው?»

«የገና እንግዳ ነው» አለ በየነ።

ወንድይፍራው ሰዎቹን ትቶ ዛፉን ሲያይ ቆየ። ከዚያ በየነን ይዞት ወደ ግቢው ወጣና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዛፉ እስካለ ድረስ እኔም በዓል ነው እላለሁ። ብጠየቅ የምመልሰው አለኝ። ዛፉ ከወጣ በኋላ ግን ስብሰባ ነው የሚባለው፤ ያኔ እኔን አታስቸግሩኝ።»

በየነ ይህን ገብቶ ለፅጌና ለእንግዶቿ ነገራቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ሁሉም ወደ ዛፉ ዞር ብለው ተመለከቱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዛፉ የሁሉም ሆነ። ፅጌ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው ባልዲውን ነው። የቦኖው ውኃ በጠፋ ሰሞን የሚመጡት ሰዎች በጠርሙስና በጀሪካን ውኃ ይዘው ይገቡ ነበር። ጋሽ ቀጄላ ከሌሊት ዘበኝነታቸው ሲወጡ በዚያ በኩል አልፈው፣ በሩ ላይ ቆመው፣ እንዴት አደረ ብለው ጠይቀው ይሄዳሉ። በቀትር ፅጌ እርጥብ ጆንያ ታለብሰዋለች። አልማዜ ሆስፒታል ውስጥ የአበባ ውኃ ላይ ስኳር ጣል ሲያደርጉ አይቻለሁ አለችና፣ ፅጌ ከቀበሌው ሱቅ በካርድ ከሚሰጠው ስኳር በማንኪያ ጨመረችለት። በየነ ያን ሳምንት ሻይውን መራራ ጠጣ። ስኳሩ ለዛፍ መዋሉን ሲሰማ ከአንገት በላይ ሳቀ።

ጥምቀት መጣ፣ አለፈ። በየቤቱ ለገና የቆመ ዛፍ ሁሉ ተቆራርጦ ማገዶ ሆኗል። የበየነ ቤት ዛፍ ግን አረንጓዴ ነው። ወንድይፍራው መንገድ ላይ ሲያገኘው፣ «እናንተ ቤት ገና፣ ገና ነው?» ይለዋል። ቀልዱ ተዛምቶ ሰፈርተኛው ቤቱን «ገና ያልወጣበት ቤት» ይለው ጀመር።

በየነ ግን ቀስ በቀስ ከፋው። እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ ሳሎኑ በሰው ይሞላል። መቀመጫው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ያገኘዋል፤ ተነስተው ይለቁለታል፣ እሱ ደግሞ ተቀመጡ ይላል፣ ከዚያ ሻይ ቤት ሄዶ እስኪመሽ ይውላል። የንስሐ አባቱ መምሬ ወልደ አማኑኤል ቤትህ ውስጥ ጴንጤዎች ይሰበሰባሉ የሚባለው እውነት ነወይ ብለው ጠየቁት፤ መስቀላቸውን ተሳልሞ ሄደ። ለፅጌ ግን አንድም ቀን ደከመኝ አላላትም። ራሷ ታውቀዋለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ደግሞ ዛፉን ያቆመው እሱ፣ ለወንድይፍራው የመለሰው እሱ፣ ስለዚህ ልቡ ከእነሱ ጋር መስሏት ነበር።

አንድ እሑድ ጉንፋን ይዞት ቤተ ክርስቲያን ሳይሄድ ቀረ። እንግዶቹ ሲመጡ መኝታ ቤት ተኝቶ ነበር። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው የፅጌን ድምፅ በኮምፔንሳቶው በኩል ሰማ። እያለቀሰች ትጸልያለች። መጀመሪያ ስለ ማን እንደምትናገር አልገባውም። «ምሕረት» የሚል ስም ትጠራለች። ምሕረትን አንተ ጋ አሳድጋት ትላለች። ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ቀጄላ እያባበሏት፣ ልጅሽ ስንት ወር ቆየች ብለው ሲጠይቁና እሷም ስትመልስ ሰማ። ጣቶቿ የበየነን ይመስሉ እንደነበር ነገረቻቸው። ሽማግሌው አብረዋት አለቀሱ።

በየነ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ተኛ። ልጁ ስም እንዳላት የሰማው ያን ዕለት ነው። ፅጌ ረስታታለች ብሎ ነበር የሚያምነው። እሱ ራሱ የሕፃን አልጋ ሥራ ሲያዙት ለሌላ አናጢ እንደሚያሳልፍ ለማንም አልተናገረም። አሁን ሚስቱ በገዛ ሳሎኑ ውስጥ፣ ከአየር ጤና ለመጡ ዘበኛ፣ ለእሱ ያልነገረችውን ትነግራለች። ቅናት ይሁን ሐዘን፣ ራሱም አልለየውም። ሰዎቹ ሲወጡ እንደተኛ አስመሰለ።

በማግስቱ ጠዋት ፅጌ ጀሪካኗን ይዛ ቦኖ ስትሄድ በየነ ተነሳ። ማድ ቤት ገብቶ ከጨው ማስቀመጫው እፍኝ ሙሉ ዘገነ፤ አንዴ ደግሞ ጨመረ። ባልዲው ውስጥ በተነውና እጁን ነክሮ አማሰለው። ለማንኛውም ዕድሜው አልቋል፣ ከዚህ በላይ የቆየ የገና ዛፍ የት አለ ብሎ ለራሱ ተናገረ። እጁን በፎጣ ጠርጎ ወደ ሥራው ሄደ።

ዛፉ ወዲያው አልታወቀበትም። በኋላ ጫፍ ጫፉ ወየበ፤ ቀጥሎ ከውስጥ በኩል ቡናማ ሆነ። ፅጌ ስትነካው ቅጠሉ እጇ ላይ ይረግፍ ጀመር። ከመስኮቱ አራቀችው፣ ደጋግማ ውኃ እፍ አለችበት። በመጨረሻ በየነን፣ ግርጌው ተዘግቶ እንደሆነ እንደገና ብትቆርጥልኝ አለችው።

እሱም መጋዙን አመጣ። ዛፉን አጋድሞ፣ እሷ ቅርንጫፉን ይዛለት፣ ከግርጌው ቆረጠ። ከዚያ መልሶ እዚያው ጨዋማ ውኃ ውስጥ አቆመው። በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ ያቺን መቁረጥ ያህል ያሳፈረው ነገር የለም። ጨው የበተነ ጊዜ ተናድዶ ነበር፤ ሲቆርጥ ግን አልተናደደም ነበር። አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር፤ እሷ አጠገቡ ተንበርክካ ነበረች።

እሑድ ሰዎቹ መጥተው ዛፉን አዩት። ጋሽ ቀጄላ ደረቁን ቅርንጫፍ ዳሰስ አድርገው፣ ዕድሜውን ጨርሷል፣ ከጠበቅነው በላይ ቆይቶልናል አሉ። ወደ በየነ ዞረውም አመሰገኑት። ከዚያ ራሳቸው ተሸክመው ወደ ግቢው አወጡት። በሚቀጥለው ሳምንት የት እንደሚገናኙ ተመካከሩ፤ አልማዜ ኮልፌ ውስጥ የተከራየቻት ክፍል ጠባብ ብትሆንም ትበቃለች አለች። ፅጌ ባልዲውን ልትደፋ ወጣችና ጓሮ ቆይታ ገባች።

ቤቱ ጸጥ አለ። በየነ ከቅዳሴ ሲመለስ መቀመጫው ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። እሑድ ከሰዓት እሷ ወደ አልማዜ ትሄዳለች፣ እሱ ራዲዮ እየሰማ ይቀመጣል። የፈለገው ይህ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን እሑዶች ተደሰተበት ማለትም ይቻላል።

በዐቢይ ጾም መካከል አንድ እሑድ በየነ የተነቃነቀ ወንበር ሲመታ፣ ኮልፌ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ አልፊያ የምትባል ሴት እየሮጠች መጣች። የአልማዜ ጎረቤት ናት።

«ጋሽ በየነ፣ አልማዜ ቤት የነበሩትን ሁሉ ወሰዷቸው። ባለቤትህም አለችበት።»

መዶሻውን እንደያዘ ወጣ። መንገድ ላይ ነው እጁ ውስጥ መሆኑን ያየው። ሲደርስ የአልማዜ ክፍል ክፍት ነው፤ መሬት ላይ ጫማ ወድቋል። የዚያ ሰፈር ጥበቃዎች ማንንም አያውቁም፤ በር ላይ የተደረደረ ጫማ አይተው ነው የገቡት። ሰዎቹ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ፣ ወደ እስር ቤቱ ተወስደው ነበር። በየነ እዚያ ሄዶ እስኪመሽ በሩ ላይ ቆመ፤ አላስገቡትም። በማግስቱ ስንቅ ማቀበል ይቻላል ብለው መለሱት።

ያን ዕለት ከዚያ እንደተመለሰ ወንድይፍራውን ቤቱ ድረስ ሄዶ ለመነው። ወንድይፍራው ከልቡ አዘነ፤ ግን ሌላ ቀበሌ ነው፣ የእኔ ቃል እዚያ አይሰማም አለ። ከዚያ ግንባሩን እያሸ ጠየቀው።

«ለመሆኑ ለምን ከአንተ ቤት ወጡ?»

«ዛፉ ደረቀ።»

«ዛፉ ለእኔ ምኔ ነው፣ ጋሽ በየነ? ሰበብ እንዲኖረኝ ብዬ እንጂ። ሌላ ቅርንጫፍ ብታቆሙ፣ ለፋሲካ ነው ብትሉኝ፣ እኔ ዝም እል ነበር። እኔ ጋ ቢሆኑ ማን ይነካቸው ነበር?»

በየነ ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ የስንቅ ወራት ሆነ። በየነ ሥራውን ጥሎ በየቀኑ ምሳ ዕቃ ይዞ ይሰለፋል። ወጥ ሠርቶ ስለማያውቅ አልፊያ ትሠራለታለች። ፅጌ ባዶውን ምሳ ዕቃ ታጥቦ እንዲመለስ ታደርጋለች፤ በሕይወት መኖሯን የሚያውቀው በዚያ ነበር። ለጋሽ ቀጄላም ስንቅ ያቀብላል፤ ሚስታቸው ሞታለች፣ ተሻለች የምትባል ልጃቸው ሆለታ ነው ያለችው፣ ሌላ ሰው የላቸውም።

ሽማግሌውን ቀድመው ፈቷቸው። እስር ቤቱ ወለሉ ሲሚንቶ ነበር፤ የገቡት ቀጥ ብለው ሲሆን የወጡት በሳል ጎብጠው ነው። ጋራዡ ሌላ ዘበኛ ቀጥሯል። በየነ ክንዳቸውን ይዞ፣ ዕቃቸውን አሳስሮ፣ ወደ ልጃቸው የሚወስዳቸው አውቶቡስ ድረስ ሸኛቸው። መንገዱን ሁሉ ልንገራቸው እያለ ነበር የሚሄደው። አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ካስቀመጣቸው በኋላም አፉን ከፈተ።

«ጋሽ ቀጄላ፣ ያን ዛፍ...»

«ስለሱ አታስብ፣ ልጄ» አሉት። «ዛፍ ይደርቃል። ፅጌን አደራ።»

ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። በየነ ሆለታ ሩቅ አይደለም፣ በደህና ቀን ሄጄ እነግራቸዋለሁ ብሎ ወረደ።

ፅጌና አልማዜ ከፋሲካ በኋላ፣ ከእንግዲህ እንዳይሰበሰቡ አስፈርመዋቸው ተፈቱ። ፅጌ ከስታለች፤ ፀጉሯም ከፊት በኩል ሸብቷል። ለጥቂት ቀን ጎረቤት እየመጣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ አለ። ጎረቤቱ ጋብ ሲል፣ ፅጌ የስፌት መኪናዋን ገልጣ ዘይት ስትቀባ፣ በየነ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«ዛፉን ያደረቅኩት እኔ ነኝ» አለ። «ጨው ጨምሬበት ነው።»

ቀና አላለችም። ጨርቁን በዘይት እየነካች መቀባቷን ቀጠለች።

«አውቃለሁ» አለች። «የባልዲው ጠርዝ ነጭ ሠርቶ ነበር። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበልህ? ቤቱ የአንተም ነው። ሰው አብዝቼብሃለሁ አልኩ። በአፍህ ያልነገርከኝን በእጅህ ነገርከኝ፤ ተረድቼ ሰዎቹን ይዤ ወጣሁ።» ጨርቁን አስቀመጠችው። «አንድ ቃል ብትለኝ ግን ደህና ቦታ እስክንፈልግ እንታገስ ነበር። ስንወጣ ተጣድፈን ነው የወጣነው።»

በየነ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሰው መብዛቱ እንዳልነበር፣ በዚያች እሑድ ተኝቶ የሰማውን፣ የልጅቱን ስም ለእንግዶቹ ነግራ ለእሱ አለመንገሯ ልቡን እንዳቆሰለው ነገራት።

ፅጌ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«አናንሳት ያልከኝ አንተ ነህ። ስም የሌላትን ልጅ ምን ብዬ ላልቅስላት? ለራሴ አወጣሁላት።»

«ለአንቺ ብዬ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። እኔም ዝም ያልኩት ለአንተ ብዬ ነው።»

ያን ዕለት ስለ ልጅቱ ብዙ አወሩ። አለቀሱም። አልታረቁም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ፅጌ ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ድምፅ አውጥታ አልጸለየችም፣ አልዘመረችምም። በየነ ስፌት ላይ እያለች እንደ ድሮው ብታንጎራጉር ብሎ ጆሮውን ይሰጣል፤ የሚሰማው የመኪናው ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ቀን ለምን እንደማትዘምር ጠየቃት። መዝሙሩን ሲጀምሩትም ሲጨርሱትም ሰው አብሯት እንደነበር፣ ብቻዋን ስትጀምረው ግን ድምፁ እንደማይወጣላት ነገረችው።

ክረምቱ ገባ። በየነ ወደ ሆለታ መሄዱን ከሳምንት ሳምንት አስተላለፈው፤ አንዴ የአልጋ ትእዛዝ፣ አንዴ ዝናብ፣ አንዴ ደግሞ ምን ብዬ ልጀምር የሚል ፍርሃት። መስከረም ላይ አልማዜ መጥታ ጋሽ ቀጄላ ማረፋቸውን ነገረቻቸው። ሳሉ አልለቀቃቸውም ነበር።

ለቅሶ ሄዱ፣ ባልና ሚስት። ተሻለች አባቷን የምትመስል ረጅም ሴት ናት። በየነ ማን እንደሆነ ስትሰማ ሁለት እጁን ያዘች። አባቷ ስለ እሱ ያወሩ እንደነበር፣ ከእኛ እምነት ሳይሆን ቤቱን የከፈተልን፣ እኛ በአንድ ሳምንት የምናደርቀውን ዛፍ ወር አልፎ ያቆየልን አናጢ ይሉት እንደነበር ነገረችው። እስር ቤት ያቀበለውንም ስንቅ አልረሱም ነበር። እዚያ ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩትና ተባረክ አሉት። በየነ አቀረቀረ።

ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ለፅጌ፣ ለተሻለች እውነቱን ልነግራት ይገባ ነበር አላት። እሷ ውጭ ውጭውን እያየች ነበር። ለእሷ መንገር ለአንተ ይቀልህ ይሆናል፤ እሷ ግን ስለ አባቷ የያዘችው ደግ ነገር ይበላሽባታል አለችው።

ዓመታት አለፉ። ደርግ በወደቀ ጊዜ የታሸጉት ጸሎት ቤቶች ተከፈቱ። ፅጌ በመጀመሪያው እሑድ ነጠላዋን ለብሳ ሄደች፤ በየነ እስከ በሩ ሸኛትና ውጭ ቆሞ መዝሙሩን ሰማ። የእሷን ድምፅ ከሌላው ለመለየት ሞከረ፤ አልቻለም። በዚያው ሳምንት ኮምፔንሳቶውን አፈረሰ። መሐሉን ከፍቶ ሳሎኑን አሰፋው፣ ዙሪያውን አግዳሚ ወንበር ሠራለት። ከዚያ አልማዜን ፈልጎ አገኛትና፣ ለጸሎትም ለመዝሙርም ቤቱ ክፍት መሆኑን፣ በፈለጉት ቀን መምጣት እንደሚችሉ ነገራት።

አልማዜ ከልብ አመሰገነችው። አሁን ግን አዳራሽ አለን፣ ሰዉም በዝቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ቤት አንቸገርም አለችው።